ለኮንፈረንስ ሄዶ የባሕር ጠረፍ አይቶ መመለስ፦ ከቲኬት እስከ ሂሳብ ማወራረድ

ለሥራ ስብሰባ የሄደ ሰው ባሕሩን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ እግረ መንገዱን ነው። የመጨረሻው መድረክ ሲያበቃ፣ ሻንጣ ሊታሰር ሲል፣ «እስኪ ሄድ ብለን እንምጣ» ይባላል። እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል በአውቶቡስ ተጉዤ በፎቶ ያየሁት የድንጋይ ንጣፍ ጋ ስደርስ ንጣፉ የለም፤ ባሕሩ ውጦታል። አጠገቤ የነበሩ ባልና ሚስት አዛውንቶች ቴርሞሳቸውን ከፍተው ተረጋግተው ተቀምጠዋል። ውኃው መቼ እንደሚሸሽ ያውቃሉ። የእኔ መመለሻ አውቶቡስ የሚነሳው ግን ከ50 ደቂቃ በኋላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። የኮንፈረንሱን መርሐ ግብር አዘጋጆቹ ያወጡታል፤ የባሕሩን ጨረቃና ነፋስ። ቲኬት የሚቆረጠው ሁለቱን አስተያይቶ ነው።

1. መጀመሪያ ምን ልታዩ እንደሆነ ወስኑ

ሁሉም ጠረፍ አንድ ዓይነት ቀን አይፈልግም። የምታዩት ገደል ከሆነ ባሕሩ ሞላም ሸሸም ብዙ ለውጥ የለውም። በአየርላንድ ምዕራብ ጠረፍ 214 ሜትር የሚደርሱት የሞኸር ገደሎችና የአውሮፓ ዋና ምድር ምዕራባዊ ጫፍ የሆነው የፖርቱጋሉ ካቦ ዳ ሮካ እንዲህ ናቸው። የእነዚህ ጠላት ጭጋግና ነፋስ ነው። የምታዩት ከውኃው ጠርዝ ያለ ዓለት፣ ዋሻ ወይም የድንጋይ ንጣፍ ከሆነ ግን ሁሉንም ነገር የሚወስነው የሙላቱ ሰዓት ነው። እንስሳት ለማየት ከሆነ ደግሞ ወቅት አለው፤ ዓሣ ነባሪ የሚያልፍባቸውን ወራት ሳያጣሩ ሄዶ ባዶ ባሕር አይቶ የተመለሰ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ርቀት። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው፤ ደርሶ መልሱ ከሦስት ሰዓት ካነሰ ግማሽ ቀን ይበቃዋል፣ ከዚያ ካለፈ ሙሉ ቀን ስጡት። ካቦ ዳ ሮካ ከሊዝበን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሄዶ ጀንበር ስትጠልቅ ማየት ይቻላል። በሰሜን አየርላንድ ያለው ጃይንትስ ኮዝዌይ የተባለው የድንጋይ ንጣፍ ከቤልፋስት በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ፣ ለመቆያውም ጊዜ ሲታሰብ፣ ግማሽ ቀኑን ሙሉ ይበላል። በአውስትራሊያ ግሬት ኦሽን ሮድ ላይ ያሉትን «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» የሚባሉ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ከሜልቦርን ተነስቶ በተረፈ ከሰዓት አያለሁ ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። ደርሶ መልሱ ብቻ ቀኑን ይጨርሰዋል፤ አንድ ሌሊት እዚያው ማደር ይሻላል።

2. ከስብሰባው በፊት ወይስ በኋላ?

ብዙ ሰው ቀድሞ ገብቶ ባሕሩን አይቶ፣ ከዚያ ስብሰባ ይገባል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ከሰዓት ለውጥ ጋር ሰውነት የሚላመደው በእነዚያ ቀናት ነው። ሁለት ችግር ግን አለው። አንደኛ፣ በረራ ቢዘገይ የሚጠፋው የእናንተ የጉብኝት ቀን ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ ጽሑፍ የምታቀርቡ ከሆነ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማችሁ የምታስቡት ስለ ስላይዳችሁ ነው። እኔ በኋላ እላለሁ። ከስብሰባው ማብቂያ እስከ መመለሻው በረራ ድረስ ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን አንድ ቀን ተኩል ተዉ። ግማሿ ቀን ለነፋሱ ናት። ነፋስ ቢነሳ ወይም ጭጋግ ቢወርድ ጉብኝቱን ወደ ማግሥቱ ጠዋት መግፋት ትችላላችሁ።

በስብሰባው መሃል ሾልኮ መሄድስ? ጠረፉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካለና ጠዋት ማለዳ ተነስታችሁ ከመክፈቻው በፊት የምትመለሱ ከሆነ ይሁን። መሥሪያ ቤት ገንዘብ ከፍሎ የላከን ሰው ግን መድረኩ ላይ ስሙ ሲጠራ የለም ማለት ያሳፍራል፤ እኔ አልመክረውም።

3. አለቃችሁን በጽሑፍ አስፈቅዱ፣ ገንዘቡን ለዩ

ይህን በቃል አትጨርሱ። ሦስት መስመር ኢሜይል ይበቃል፤ ኮንፈረንሱ የሚያበቃበት ቀን፣ ከዚያ በኋላ የምትወስዱት የዓመት ፈቃድ ስንት ቀን እንደሆነ፣ የእነዚያ ቀናት ወጪ በእናንተ እንደሚሸፈን። መልሱን አስቀምጡት፤ መጨረሻ ላይ ትፈልጉታላችሁ።

የሚያጨቃጭቀው ቲኬቱ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚከፍለው ለስብሰባው ቀን የሚያስፈልገውን ያህል ነው። ስለዚህ ቲኬቱ በሚቆረጥበት በዚያው ሰዓት ሁለት ዋጋ ፈልጉ፤ አንዱ ስብሰባው እንዳበቃ የሚመልሰው፣ ሌላው እናንተ የምትፈልጉት። የሁለቱንም ገጽ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ በፎቶ ያዙት። የእናንተው ከረከሰ ወይም እኩል ከሆነ ጭቅጭቅ የለም፤ ከበለጠ ልዩነቱን ክፈሉ። በማግሥቱ ዋጋው ስለሚለወጥ ይህን ማስረጃ ከሳምንት በኋላ ልሥራ ብትሉ አታገኙትም።

ውሎ አበል ስብሰባው ባበቃ ማግሥት፣ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ደንብ መሠረት ከጉዞ ቀን ጋር ይቆማል። የሆቴሉንም ክፍያ ቢሮው በሚከፍልበት ቀንና እናንተ በምትከፍሉበት ቀን ለይተው ሁለት ደረሰኝ እንዲሰጧችሁ ሪሴፕሽን ላይ ገና ስትገቡ ንገሩ። ስትወጡ መጠየቅ ዘግይቷል፤ አንድ ደረሰኝ ላይ የተደባለቀ አምስት ሌሊት ለሂሳብ ክፍል ራስ ምታት ነው።

ኢንሹራንሱን ደግሞ አትርሱ። ቢሮው የሚገዛው ሽፋን ለሥራው ቀናት ብቻ ሊሆን ይችላል። ዓለት ላይ ተንሸራትቶ ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው ግን ፈቃድ ላይ ባላችሁበት ቀን ነው። ጽሑፉን አንብቡ፤ ካልሸፈነ ለቀሩት ቀናት በራሳችሁ ግዙ።

4. ቪዛው የተጨመሩትን ቀናት ይሸፍናል?

ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ የጉብኝቱን ቀናት ከመጀመሪያው በማመልከቻው ላይ አስገቡ። የሼንገንን (የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ብንወስድ፣ ተለጣፊው ላይ የሚጻፈው የሚፀናበት ዘመን ብቻ ሳይሆን ስንት ቀን መቆየት እንደተፈቀደላችሁም ጭምር ነው። የመጋበዣው ደብዳቤ አራት ቀን ብሎ እናንተ ሰባት ቀን ስትጠይቁ፣ ለሦስቱ ቀናት የሆቴል ማስያዣና የራሳችሁን ወጪ የምትሸፍኑበት ማስረጃ አያይዙ፤ በማብራሪያ ደብዳቤውም ጉብኝት መሆኑን በግልጽ ጻፉ። መደበቁ ነው ጥርጣሬ የሚያመጣው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና የቆይታውን ቀናት በሙሉ የሚያካትት፣ ፓስፖርቱም ከአካባቢው ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት።

5. የባሕሩን ሰንጠረዥ ማንበብ

ዋናው ይህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ እንበል።

በአብዛኛው ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ምድር አንድ ዙር ስትዞር ጨረቃም በራሷ መንገድ ፈቀቅ ስለምትል፣ እሷ ላይ ለመድረስ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋል። ለእቅድ ይህች 50 ደቂቃ ወርቅ ናት። ሰኞ ውኃው የሚሸሸው 10:00 ላይ ከሆነ፣ ዓርብ ወደ 13:20 ተገፍቷል ማለት ነው። በሳምንቱ ሰኞ ደግሞ በዚያው በ10:00 አካባቢ ሞልቶ ታገኙታላችሁ። «ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሄጄ አሪፍ ነበር» ያላችሁን ሰው ምክር መቀበል የማይገባው ለዚህ ነው።

ከሰዓቱ በተጨማሪ መጠኑ ይለያያል። ሙሉ ጨረቃ ስትሆንና አዲስ ጨረቃ ስትወለድ፣ እንዲሁም ከዚያ አንድ ሁለት ቀን አለፍ ሲል፣ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ሆነው ስለሚስቡት ባሕሩ በጣም ይሞላል፣ በጣምም ይሸሻል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ሙላቱም ሽሽቱም ልከኛ ነው። የድንጋይ ንጣፍና የዓለት ኩሬ ለማየት የመጀመሪያው ጊዜ ይመረጣል፤ ስትወጡ ግን የሚመለሰው ውኃም በዚያው ልክ ብርቱ ነው።

የባሕሩ ሰንጠረዥ (በእንግሊዝኛ «tide table» የሚባለው) ለእያንዳንዱ ሙላትና ሽሽት ሰዓቱንና ከፍታውን በሜትር ይሰጣል። ከፍታው ብዙውን ጊዜ የሚለካው ባሕሩ በጣም ከሚሸሽበት ደረጃ ተነስቶ ስለሆነ፣ 0.4 ከሚለው ቁጥር አጠገብ ያለው ቀን 1.8 ከሚለው ይሻላችኋል። በበጋ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት በሚገፉ አገሮች ሰንጠረዡ የአንድ ሰዓት ለውጡን አስልቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ግርጌውን አንብቡ።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሰንጠረዡን ሰዓት ወደለመድነው አቆጣጠር ቀይራችሁ አትጻፉ፤ 10:00 ካለ 10:00 ብላችሁ ገልብጡት። ከሙላት እስከ ሽሽት ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ነው። በሰዓት አቆጣጠር የምንሳሳተውም ስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ አንዴ ከተሳሳታችሁ ትንሽ ዘግይታችሁ አትደርሱም፤ ፍጹም ተቃራኒው ላይ ትደርሳላችሁ። ልቆምበት ያሰብኩት ዓለት የሚዋጥበትን ሰዓት የሚሸሽበት መስሎኝ ጽፌ ነበር፤ ደግነቱ ያወቅሁት ሆቴል ሳለሁ ነው።

ውኃው የሚመለሰው በእኩል ፍጥነት አይደለም። መርከበኞች በአሥራ ሁለት ከፍለው ያሰሉታል፤ ከስድስቱ ሰዓታት በመጀመሪያው አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በመጨረሻው አንድ እጅ ይነሳል። የስድስት ሜትር ልዩነት ባለበት ጠረፍ በመጀመሪያው ሰዓት ግማሽ ሜትር ብቻ ስለሚጨምር ሰው ይዘናጋል። በሦስተኛው ሰዓት ብቻውን አንድ ሜትር ተኩል ይመጣል። ስለዚህ ደንቡ፦ ውኃው በጣም ከሚሸሽበት ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ፣ መመለስ ሲጀምር እናንተም ተመለሱ። ከኋላችሁ ገደል፣ ከፊታችሁ ባሕር ሆኖ መውጫው በጎን ብቻ ከሆነ ደግሞ መውጫውን አስቀድማችሁ እዩ።

ልዩነቱ እንደየቦታው ሰፊ ነው። በካናዳ ፈንዲ የባሕር ወሽመጥ እስከ 16 ሜትር ይደርሳል፤ በዓለም ትልቁ ነው። እዚያ በሆፕዌል ሮክስ ጠዋት በባሕሩ ወለል ላይ በእግር የተሄደበትን ቦታ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ይቀዘፍበታል። በአብዛኛው የሜዲትራኒያን ጠረፍ ግን ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ይህን ሁሉ መዝለል ትችላላችሁ። በዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ ደግሞ ውኃው ሲሸሽ እጅግ ርቆ ይሄዳል፤ ለመዋኘት የሄደ ሰው አሸዋ ላይ ሲንከራተት ይውላል፤ በእግር መጓዝ የሚወድ ግን ይደሰታል።

ሰንጠረዡ የአየሩን ጠባይ አያውቅም። የአየር ግፊት በአንድ ሄክቶፓስካል ሲወርድ ባሕሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ወደ የብስ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ሲታከልበት ደግሞ የበለጠ።

6. ስለ ሞገድና ስለ ገደል

ፀሐይ ስለወጣች ባሕሩ ሰላም ነው ማለት አይደለም። ትልልቅ ሞገዶች በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ ማዕበል የላካቸው ሊሆኑ ይችላሉ። በአይስላንድ ደቡብ ጠረፍ ያለው ሬይኒስፍያራ የተባለው ጥቁር አሸዋ ዳርቻ በዚህ ይታወቃል። አሥር ትንንሽ ሞገዶች መጥተው ሲመለሱ፣ ቀጣዩ ሳይታሰብ ብዙ ሜትር ወደ ውስጥ ዘልቆ ሰው ይወስዳል። ሰዎች ሞተውበታል፤ የማስጠንቀቂያ መብራትም ተተክሎበታል። ስለዚህ እንደደረሳችሁ ወዲያው አትውረዱ። አሥራ አምስት ደቂቃ ከላይ ሆናችሁ ቁጠሩ፣ ትልቁ የት እንደሚደርስ እዩ። ዓለቱ እርጥብ ከሆነ ሞገድ ደርሶበታል ማለት ነው፤ ጠቆር ብሎ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ ያንሸራትታል። ለፎቶ ብላችሁ ጀርባችሁን ለባሕር አትስጡ።

ብትዋኙና የባሕር ጅረት ወደ ጥልቁ ቢጎትታችሁ ፊት ለፊት ወደ ዳርቻው አትታገሉ፤ ትደክማላችሁ። ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኛችሁ ከጅረቱ ውጡ፣ ከዚያ ተመለሱ።

ገደልም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» ከተባሉት ዓምዶች አንዱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ሐምሌ ወር ፈርሶ አሁን የቆሙት ስምንት ናቸው፤ ስሙን ይዘው ግን ይኖራሉ። በማልታ ጎዞ ደሴት የነበረው «አዙር ዊንዶው» የተባለ የድንጋይ ቅስት በመጋቢት 8 ቀን 2017 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በማዕበል ተደረመሰ። ፎቶው አሁንም በየድረ ገጹ አለ፤ አንዳንዱ ጎብኚ ዛሬም ሊያየው ይነሳል። ልታዩት ያሰባችሁት ነገር ዛሬም መኖሩን አረጋግጡ። የገደል ጠርዝ ደግሞ ከሥር በሞገድ ተበልቶ ከላይ ሣር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አጥሩ ያለበት ምክንያት አለው።

7. ሻንጣው

ዋናው ነገር ጫማ ነው። የስብሰባ ጫማ እርጥብ ድንጋይ ላይ በረዶ እንደረገጡ ያደርጋል። ሶሉ የሚይዝ አንድ ጫማ ጨምሩ፤ በጉዞው ቀን እሱን ተጫምታችሁ ብትሄዱ ሻንጣ አይከብድም። የነፋስ መከላከያ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት (ደመና ቢሆንም)፣ ውኃ፣ የስልክ ባትሪ መሙያ። ላፕቶፑን ሆቴል ተዉት። ጨውና አሸዋ ወደ ኪቦርዱ ከገቡ አይወጡም፤ የቢሮ ንብረት ከሆነ ደግሞ በፈቃድ ቀናችሁ ለምን ገደል ላይ እንደነበረ ማስረዳት አለባችሁ። ክፍሉን ጠዋት ብታስረክቡም አብዛኛው ሆቴል ሻንጣ እስከ ማታ ይይዝላችኋል። ባጃችሁን ከአንገታችሁ አውልቁ፤ ስማችሁንና መሥሪያ ቤታችሁን ለማያውቁት ሰው ማሳየት ምን ይጠቅማል?

8. ጓደኛ ማግኘትና መጓጓዣ

ብቻ መሄድ ደስ ይላል፤ ጠረፍ ላይ ግን ሁለት ሆኖ መሄድ ይሻላል። በሁለተኛው ቀን የቡና ዕረፍት ላይ «ቅዳሜ ወደ ጠረፉ ልሄድ ነው» ማለት ይበቃል፤ ሦስት አራት ሰው ወዲያው ይገኛል። መኪና ተካፍሎ መከራየት ከጉብኝት አውቶቡስ ይመረጣል፤ አውቶቡሱ በራሱ ሰዓት እንጂ በባሕሩ ሰዓት አይሄድም። አምስት ሰው ካለፈ ግን ተዉት። የአንዱ ቁርስ፣ የአንዱ ስልክ ጥሪ እያለ የሽሽቱ ሰዓት ያልፋል።

በሕዝብ ማመላለሻ የምትሄዱ ከሆነ መጀመሪያ የምትፈልጉት የመሄጃውን ሳይሆን የመጨረሻውን መመለሻ ሰዓት ነው። የእሁድና የክረምት መርሐ ግብር የተለየ ሊሆን ይችላል።

9. እዚያ ስትደርሱ

የምታዩት ምን እንደሆነ ትንሽ አንብባችሁ ሂዱ፤ ያለዚያ ድንጋይ ድንጋይ ነው። ጃይንትስ ኮዝዌይ ላይ 40,000 ያህል የባዝልት ዓምዶች አሉ፣ አብዛኞቹ ባለ ስድስት ጎን። ከ50 እስከ 60 ሚሊዮን ዓመት በፊት የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ተሰነጠቀ፤ ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቀው ማለት ነው። ስንጥቁ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ዓምድ ሆነ። ቦታው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን አውቆ እዚያ መቆምና ሳያውቁ መቆም አንድ አይደለም።

ብርሃንንም አስቡ። ወደ ምዕራብ የሚያይ ገደል ጠዋት በራሱ ጥላ ውስጥ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይበራል። ሽሽቱ ጠዋት፣ ብርሃኑ ከሰዓት ከሆነ እኔ ሽሽቱን እመርጣለሁ።

ኬፕ ታውን ለስብሰባ የሄደ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይያዝ። የበጋው ደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሲበረታ ወደ ቴብል ተራራ የሚወጣው ኬብል መኪና ይቆማል፤ ያን ቀን ወደ ኬፕ ፖይንት ብትሄዱም ነፋሱ እዚያም አለ። በቦልደርስ ዳርቻ ያሉት የአፍሪካ ፔንግዊኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 በሁለት ጥንዶች የጀመሩ ናቸው፤ ከመተላለፊያው አትውረዱ፣ ይነክሳሉ። ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ነው የሚል አስጎብኚ ቢገጥማችሁ አትከራከሩ። ጫፉ ኬፕ አጉላስ ነው፣ ከዚያ በስተደቡብ ምሥራቅ።

10. ስትመለሱ

ጫማውን በጨው አልባ ውኃ አጥባችሁ አድርቁ፣ ካሜራውን ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉ። ሂሳብ ስታወራርዱ የጠረፉን ደረሰኞች በሙሉ ለብቻ አድርጓቸው፤ አንዲት የአውቶቡስ ቲኬት በስህተት ብትገባ የቀረው ሁሉ ይጠረጠራል። የመመለሻው ቦርዲንግ ፓስ ላይ ያለው ቀን ከኮንፈረንሱ ማብቂያ ስለሚዘገይ፣ በሦስተኛው ደረጃ ያስቀመጣችሁትን የአለቃ ኢሜይልና የሁለቱን ቲኬቶች የዋጋ ፎቶ ከላይ አያይዙ። የሂሳብ ክፍሉ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው።